ግማሽ ዙር

ሌሊት በስድስት ሰዓት የእኔ ቀን ይነጋል፤
ደብረ ማርቆስ ሲተኛ ጆሮዬ ይተጋል።
ከአስፋልቱ በታች ቱቦው ምን እንዳዘለ፣
ነፋስ ነው የያዘው ወይ ውሃ ቀጠለ፣
በእግሬ አውቀዋለሁ፣ መሬቱ ሲነዝር፤
ሥራዬም ይኸው ነው፦ ማጥበቅ፣ ማላላት፣ ማዞር።

ሰኞ ለመናኸሪያው፣ ማክሰኞ ለገበያው፣
ረቡዕ ለታች መንደር፣ ለወንዙ መውረጃው፣
ሐሙስ ለኮሌጁ፤
ለዳገቱ ሰፈር — እዚያ ነው የእኔም ቤቴ —
አርብ ይላል ሰሌዳው።
«የቱ አርብ?» ትላለች እየሳቀች ሚስቴ።

መፍቻውን ያወረሰኝ ይርሳው ነው፣ ነፍሱን ይማር፤
ከመፍቻው ጋር ሰጠኝ አንድ የተጠቀለለ ነገር፦
የቱቦው ካርታ ነው፣ ጠርዙን አይጥ የበላው፣
ሰማያዊ መስመር እንደ ደም ሥር የሞላው፤
ከታች በቀጭን እጅ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
«ለሃያ ሺህ ነፍስ» ይላል፣ ፊርማው ደብዝዞ ጠፍቶ።

ዛሬ ያን ሃያ ሺህ ማን ፈልጎ ያገኛል?
በእያንዳንዱ ግቢ ሌላ ግቢ ተኝቷል፤
ሰርቪሱ ሰርቪስ ወልዶ፣ ጓዳው ተከራይቶ፣
ከቢቸና ተማሪ፣ ከሞጣ ግንበኛ መጥቶ፣
አንድ ቆጣሪ ሥር አሥራ ዘጠኝ ሰው ገብቶ፣
ሁሉም ይጠብቃል ባልዲውን አዘጋጅቶ።

ባለፈው ዓመት ከዞን መሐንዲሶች መጡ፤
«አዲስ ጉድጓድ» አሉ፣ ችካል ቀጠቀጡ፤
ችካሉ አሁንም አለ፣ ቆሞ እንደ ተተከለ፤
ጎኗን የምታክበት ላም ታመሰግናለች።
ፓምፑ ያው አሮጌው፤ መብራት ሲጠፋ ይተኛል፤
መብራት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሰው ተወልዷል።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይል ነበር አባቴ፤
እኔም ብዬዋለሁ፣ ስንቴና ስንቴ፣
በየክርስትናው ድግስ፣ ጠላዬን ይዤ።
ቱቦ ግን ዕድል የለውም፤ ብረቱ አያድግም፣
በተቀበረበት ይዝጋል እንጂ አይሰፋም።
ጨሞጋም ያው ጨሞጋ ነው፤ ሁሉ ሰው ሲወልድ
ወንዙ አልወለደም፤
ይቀጥናል እንጂ በበጋ ሲወርድ።

ታች መንደር ማንጠግቦሽ፣ ልብስ አጥባ አዳሪ፣
በደጇ አሥራ አንድ ጄሪካን ደርዳሪ፣
ማክሰኞ ሲመሽ ጀምራ ቁጭ ብላ ታድራለች፤
እንደ ክፉ ጎረቤት ቧንቧዋን ትሰልላለች፤
ነፋሱ ቧንቧው ውስጥ ሲያስለው፣ ሲያንቀው፣
ያን ሳል ከሰፈሩ እሷ ነች የምታውቀው።

የዚያን ማክሰኞ ሌሊት፣ ለረቡዕ አጥቢያ፣
ስልኬ ጮኸ፤ አዋላጇ ናት፣ ከዳገቱ ጤና ጣቢያ፦
«ልጅህ ትሁን ምጥ ላይ ናት፤ መንታ ነው፤ ሮቶው ደረቀ፤
እጄን የምታጠብበት…» አለችና ድምጿ ራቀ።

ወደ ጉድጓዱ ወረድሁ። ሁለት ቫልቭ ጎን ለጎን፤
ግራው የማንጠግቦሽ፣
ቀኙ የእኔ ወገን።
ግማሽ ዙር አጠበቅሁ፤ ግማሽ ዙር አላላሁ፤
ብረቱ አልጮኸም፤
እኔም ዝም አልሁ።
ውሃው ሽቅብ ሄደ።

ሲነጋ ቢሮ መጣች፣ ጄሪካኖቿን በገመድ አንጠልጥላ፤
«ረቡዕን ማን ወሰደው?» አለችኝ ቀስ ብላ።
«ቱቦ ፈነዳ» አልኋት።
ዓይኗ ወደ ጫማዬ ወረደ፤
ጭቃ ፈለገ፤ አጣ፤
ተመልሶ ወደ ፊቴ ሄደ።
ብትሰድበኝ በወደድሁ።
ደጁ ጋ ስትደርስ ገመዷን አጥብቃ፣
«እንኳን ማርያም ማረችልህ» አለችኝ።
ለካ ሁሉን ሰምታ፣ ሁሉን አውቃ።

መዝገቡ ሦስት ዓምድ አለው፦ የተመረተ፣
የተሸጠ፣ የባከነ።
የዚያን ሌሊት ውሃ የት ይግባ እያልሁ አሰብሁ፤
ደረሰኝ የለው፣ አልተሸጠም፤
በሦስተኛው ዓምድ አሰፈርሁ።
ስማቸው ገና አልወጣም፤
ሁለቱም የልጅ ልጆቼ
በባከነው ሥር ናቸው።