ሦስተኛው ወንድም

ሰኞ ነበር ባቲ፣ ፍየል ስደራደር፤
እጄን ኪሴ ሰደድኩ፣ ባዶ ጨርቅ ነበር።

ቁልፉ የለም።

ከግመል ተራ ጀምሮ ጨው ተራ ድረስ
አቧራ ሳበጥር፣ ኮቴ ስዳብስ፣
«ምን ጠፋህ ወንድሜ?» ያለኝ ሁሉ ጎንበስ።
ፍየሏ ብቻዋን ቀና ብላ አየችኝ፤
ሳልገዛት እንደምሄድ ያወቀች መሰለኝ።

መኪናዬ ዲኤክስ፣ ከእኔ በዕድሜ ትልቅ፣
ቀለሟ ድሮ ነጭ፣ ዛሬ የማይታወቅ፣
ግራ በሯ በዱዓ፣ ቀኟ በሽቦ ታስሮ፣
ሞተሯ የሚነሣ ቁልቁለት ተማክሮ።

ለዘበኛ ሃምሳ ብር፣ ለመኪናዋ አደራ፤
በአይሱዙ ጫፍ ወጣሁ፣ ከማሽላው ጋራ።
ኮምቦልቻ፣ መስታወት ያለው ሱቅ ገባሁኝ፤
ሸሚዙን የተኮሰ ልጅ ወንበር ሰጠኝ።
«ሞዴሏ? ሻንሲዋ?» ጻፈና ደመረ፤
«ከአዲስ አበባ ነው» ብሎ ጀመረ።
ዋጋውን ሲነግረኝ ወንበሩን መለስኩለት፤
አንድ ቁልፍ አይደለም፣ ሦስት ፍየል አለበት።

ጦይባ በስልክ ሰማች። ሰምታ ዝም አለች፤
ዝምታዋን አውቃለሁ፣ ሒሳብ ትሠራለች።
«ደሴ ውጣ» አለች ኋላ፣ «ሸዋ በር ግባና
ሙሄ ቁልፍን ጠይቅ፤ ጥላ አለው ቀይና
አንድ ዘንጉ የተሰበረ።»

ጉም ነበር ደሴ ላይ፣ ጦሳ አልታየም፤
ጥላው ግን ይታያል፣ ቀይ አይደበቅም።
ሙሄ ፊቴን አይቶ ሞረዱን አኖረ፤
«አብሽር፣ የጠፋው ብረት፤ ሰው ቢሆን ምን ነበረ?
ከዚህ እስከ ባቲ ብወርድ ትከስራለህ፤
ሂድና የበሩን ቁልፍ ቤት አምጣ ፈትተህ።»

ወረድኩ፤ ፈታሁት፤ መጣሁ ተሳፍሬ፣
እንደ ወለቀ ጥርስ በመሐረብ ቋጥሬ።

ሆዱን ከፍቶ አሳየኝ፦ «እኚህ ሰባት ነሐስ
ወንድማማች ናቸው፣ የተኳረፉ በርስት።
አንዱ እሺ ካላለ፣ በሩ አይከፈትም፤»
አለና ጎነበሰ፤ ከዚያ አላነጋገረኝም።

ኪር... ኪር...

ይሞርዳል፣ እፍ ይላል፣ አስገብቶ ይሞክራል፣
ያወጣል፤ በሻማ ጥላሸት ያጠቁራል፤
ነሐሱ በነከሰው ላይ ነጥብ ያበራል፤
ያችኑ ነጥብ ብቻ፣ ፀጉር ታህል ይቀንሳል።

«ይሄ ሦስተኛው ግን ልቡ ደርቋል» አለ፤
«ሳባብለው ይመሻል፤ ጉሙም ወፍራም አለ።
ቁልፉን ከምቆርጥለት፣ እሱን ልቁረጠው?»
አንገቴን ነቀነቅሁ፤ እኔ ምን አውቄው።

ዋጋው አራት መቶ። ሦስት መቶ ነበረኝ።
«ቀሪውን ስታልፍ» አለ፤ ስሜን አልጠየቀኝ።

ባቲ ላይ በሩ እሺ፤ ሞተሩ አስቸገረው።
ከፍ፣ ወደ ግራ፣ ትንፋሽ ይዤ ሳዞረው፣
እንደ አማች ቤት ደጃፍ በዝግታ ስዳብሰው፣
ተነሣ፤ ሳል ቀደመው፣ ጭስ ተከተለው።

ሦስት ሰኞ አለፈ። አንዲት ጨው ነጋዴ
መንገድ ላይ አስቆመችኝ፣ «የአንተ ናት ወይ?» ብላ፤
ከሻሿ ጫፍ ፈትታ ቁልፌን ሰጠችኝ፤
«ዲኤክስ ያለውን ሁሉ ስጠይቅ ከረምኩ» አለችኝ።

እጄ እንዴት ደስ አላት! ሮጥኩ በሩ ዘንድ።
አላወቀውም።
ሦስተኛው ወንድም ተቆርጧል፤ አሮጌው ቁልፍ
የመጣው ወደ ሌላ ቤት ነበር።
ሞተሩ ላይ ግን፣ ቅቤ ላይ እንዳረፈ ቢላ፣
ያለ ልመና ዞረ።

«እና ሦስት መቶህ?» አለች ጦይባ፣ እየሳቀች።

አሁን በአንድ ቀለበት ተጎራብተው አሉ፤
በሙሄው እገባለሁ፣ በድሮው እሄዳለሁ፤
አንዱ ቢጠፋብኝ ግማሽ ሰው እቀራለሁ።

ደሴንም ሁለት ጊዜ አለፍኩ። ጉም የለም ነበር፤
ጦሳ ወለል ብሎ፣ ጥላው ግን አልነበረም።
መቶ ብሩ ኪሴ ነው፣ አራት ታጥፎ፤
በየገበያው መሀል ቆም እልና
እዳብሰዋለሁ።