የኦሌና ብር

ዊኒፔግ በጥር ወር ምድሩ አይቆፈርም፤
ባንኩ ሣጥን አለው፣ ኦሌና አታምንም።
ካዝና ብታስመጣ፣ አራት ሰው ተሸክሞ፣
ሰፈሩ አየላት በመስኮቱ ቆሞ።

አንድ ማታ ጠርታኝ፣ ምድር ቤት ወርደን፣
ከቀይ ሥር ጠርሙስ ሥር ሳንቲሟን ደርድረን፣
«ደምሰው፣ ልጄ እንኳ እንዳይሰማ» አለች፤
አምፖሉን አጥፍታ ደረጃውን ወጣች።

ሁለቴ በረዶው ሟሙቶ ወረደ፤
ከሐሳቧ ጓዳ ቁልፉ ተወሰደ።
አሁን ሐሙስ ሐሙስ በሬን ታንኳኳለች፤
«ብሬን የት አረግሁት?» እያለች ታዝናለች።
ይዣት እወርዳለሁ፣ መብራት አበራለሁ፤
ሰባ ሁለት ፍሬ አብሬ እቆጥራለሁ።
ጣቷን ታቆማለች ከዚያ ከንፈሯ ላይ፦
«አደራ፣ ያ ደምሰው ይህን ብር እንዳያይ!»

ሪጃይና ሥራ አለ ቢሉኝም አልሄድም፤
ካዝና ከቤት ወጥቶ ሲዞር አይታይም።