የፊርማን ኩርባ

የወንዟ ስም ስሟ። ካርታው ላይ እንዲህ ነው፣
አርደን ጫካ መሃል እባብ የሚያክለው
እጥፍጥፍ ውሃ ላይ የተጻፈ ቃሉ፤
ማዶ ፈረንሳይ ነው፤ ወዲህ ቤልጅጎች አሉ፤
መሃሉ ዳገት ነው፣ ጭጋግ፣ ጥድ፣ ቅጠሉ።

ቅዳሜ ሲነጋ፣ ከናሙር፣ ከሊዬዥ፣ መኪኖች ይመጣሉ፣
ብስክሌት አዝለው፤ ጎማቸው እንደ አዞ ጥርስ ያበቀሉ።
ጉልበታቸው ላይ ጋሻ፣ ጭንቅላታቸው ላይ ቁር፣
ሽቅቡን ሲገፉ የአህያ ትንፋሽ፤ ቁልቁሉን አሞራ ሲበር።

እኔ ግን አካፋ ነው የያዝኩት፤
ዝናብ የበላውን መሙላት፣ ከፊርማን ነው የተማርኩት።
ሰማንያ አንድ ዓመቱ፤ ግራ ጉልበቱ ብረት፤
ብስክሌት ላይ ወጥቶ አያውቅም፣ ለቀልድም፣ አንዲት ሰዓት።
ግን ይህን መንገድ ሁሉ የቀየሰው እሱ ነው፤
ዶማና ገመድ ይዞ፣ በጥቅምት ጭቃ ውስጥ፣ ብቻውን የቆፈረው።

"ውሃ" ይላል፣ "ሌባ ነው፤ መንገድ ካየ ይሰርቃል፤
ወደ ውጭ አዘንብለህ ሥራው፣ አንድ ጣት ያህል፤ ሳያስብ ያልፋል።
ጉድጓድ ካበጀህለት ግን ተቀምጦ ያስባል፤
ያሰበ ውሃ ደግሞ ተራራ ይበላል።"

አንድ ኩርባ አለች፣
ሁሉም የሚረግማት።
ቁልቁለቱ መሃል፣ ብስክሌት ሲከንፍ፣ ነፋስ ጆሮ ሲሞላ፣
ሰው ክብደቱን ረስቶ ቅጠል ልሁን ሲል፣ ያለ አንዳች መላ፣
በድንገት ወደ ግራ! ፍሬን ይጮሃል፤ ጠጠር ይበተናል፤
ከዚያ ዳገት፣ ሠላሳ እርምጃ፤ ሰንሰለት ያቃስታል፤
ከዚያ ደግሞ ቁልቁል፤ ሰው እዚያው መስመሩ ላይ ራሱን ያገኛል።

ድንጋይ የለም። ገደል የለም። ረግረግም አላየሁ።
ገመድ ዘርግቼ ቀጥታውን ለካሁ፤
አርባ ሜትር ብቻ። በሁለት ቀን እጨርሳለሁ።
ኤግላንቲን፣ የዳቦ ቤቱ ልጅ፣ በግንቦት ክንዷን የሰበረችው እዚህ ነው፤
በጀሶዋም ላይ ይህችኑ ኩርባ በቀይ እስክሪብቶ የሳለችው።

ፊርማን ዶማውን ተደግፎ ወደ ጥዶቹ በአገጩ ጠቆመ፤
እሾህ የዋጠው ግድግዳ፤ ጣሪያ የለው፤ በመስኮቱ ዛፍ አንገቱን አውጥቶ የቆመ።
"የፊናንሱ ቤት ነበር" አለኝ። "አባቴ በሌሊት
ትምባሆ በጆንያ አዝሎ፣ ወደ ፈረንሳይ፣ በዚህች ቁልቁለት።
ልጅ ሆኜ ተከትዬዋለሁ፤ ጫማችን ላይ ጨርቅ ጠቅልለን፤
እዚህ ስንደርስ እጄን ይጨብጣል፤ ወደ ግራ፣ ሽቅብ እንታጠፋለን፤
ውሻው እንዳይሸተን፣ ፋኖሱ እንዳያየን፣ ትንፋሽ ውጠን።"

"ፊናንሱ መቼ ሞተ?"
"ኧረ እኔ ጢም ሳላበቅል!"
"ውሻውስ?"
ሳቀ። ሳቁ ትምባሆ ትምባሆ ይላል።
"መንገዱን ስቀይስ እግሬ ነው የታጠፈ፤ እኔ አላዘዝኩትም፤
የፈራበትን ቦታ፣ ራስ ቢረሳው እንኳ፣ እግር አይረሳም።
አሁን ግን አቅናው" አለ፤ "የልጅቷ ክንድ አያሳዝንም?"

ሰኞ ችካል ተክዬ ገመዱን ወጠርኩ፤
ቀጥታ መስመርማ ማንም ያሰምራል፤ ፊርማ ግን ይጠመዘዛል፣ አልኩና፣ ገመዱን ጠቀለልኩ።
በምትኩ የኩርባዋን ውጭ ጠርዝ አፈር ደለደልኩ፣ እንደ ሳህን ከንፈር፣
ጎማ ሳይንሸራተት ተደግፎት እንዲዞር።
ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ፊርማን በጫማው ጠቀጠቀው፣ ጉልበቱን እየሰደበ።
ነሐሴ ላይ ኤግላንቲን መጣች፤ ክንዷ ከጀሶ የወጣ፣ ዓይኗ የጠበበ።

ፍሬን አልጮኸም።
ጎንበስ ብላ፣ ክርኗ ሣር ሊነካ ትንሽ ሲቀረው፣ አለፈች፤
ፋኖስ እንደሚሸሽ ሰው፣ ከዚያች ቤት ፊት ዝቅ አለች።
ከኋላዋ አሥራ ሁለት ብስክሌት፣ አንድ በአንድ፣ ሁሉም ዝቅ፣ ሁሉም ዝም፤
ፊናንሱ አልወጣም፤ ውሻውም አልነቃም።

ፊርማን ፒፓውን ለኮሰ። "ተሻገሩ" አለ፣ በሹክሹክታ።
ታች፣ ጭጋግ ውስጥ፣ ስሟ ትታጠፋለች፣ በዝግታ፣
ወደ ግራ፤ ከዚያ ቀኝ፤ ደግሞ ወደ ግራ፤
ለማንም አልተናገረችም፣ ማንን እንደምትፈራ።