ሹፌሩስ?

ረቡዕ ጠዋት ነው፤ የኦሃዮዋ ቶሌዶ በረዶ ለብሳ፣
ከልብስ አጣቢው ቤት በታች፣ ደረጃው ሰባት፣ ሰባተኛው አንካሳ፣
ካርቶኑን በቢላ ስሰነጥቅ ቀለሙ ትኩስ ትኩስ ይሸታል፤
ከበሩ ውጭ ሰልፉ ቆሞ ብርዱን በእግሩ ይመታል።

«ደረሰ?» ይላል ሌስተር፣ ገና ኮፍያውን ሳያወልቅ፤
«ደርሷል» ብዬ ስዘረግፈው፣ እጅ ከእጅ ጋር ሲተናነቅ፣
የምሰሶ አዲሱ ቅጽ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ምሰሶ ማለት
ፎቅ ሲዘምም በትከሻው ደግፎ የሚያድር ነው፣ ባለ አመድማ ካባ፤
ሦስቴ ሞቷል፤ ሦስቴም ተመልሷል፣ እንደ ዕዳ ደብዳቤ፣ ሳይጠሩት እየገባ።
ዛሬ አራተኛው ነው። ገጽ ሃያ ላይ ዓይኑ ተከደነ፤
ሱቁም በቁሙ ችሎት ሆነ።

«ሞት በቅናሽ!» አለ ሌስተር፤ «ጸሐፊው ሐሳብ ሲያልቅበት ይገድላል፤
የጎደለውን ታሪክ በሬሳ ይሞላል።»
ማሪቤት፣ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይዋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
«ፊደል ለቃሚ! ሥዕሉን እየው፤ ይህንን ዝናብ፣ ይህንን ጥላ፤
ጉልበቱ ሲከዳው እንዴት እንደሣለው፣ ከእግር ጣቱ ጀምሮ፤
እኔ ዘጠኝ ከአሥር እሰጣለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት ለካባው ነው፣ ዘንድሮ
መጋረጃ መስሏል።»
«ዘጠኝ?! እኔ አራት፤ እሱንም ለወረቀቱ፣ ለስፌቱ ሽቦ።»

ካሲሚር ግን አይከራከርም፤ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ፣
ቅጹን በሁለት ጣት ይዞ፣ ትንፋሹን አምቆ፣
ላስቲክ ውስጥ ይከታል። አንብቦ አያውቅም፤
«የተነበበ ኮሚክ» ይላል፣ «የተላጠ ብርቱካን ነው፤ አይከርምም።»

ክርክሩ ሄዶ ሄዶ የድሮ ቂም ቆፈረ፦
ሁለተኛው ትንሣኤ ሕጋዊ ነበር ወይስ አልነበረ፤
ልብሱ ሲታጠብ ይለቃል ወይ፤ መንትያ ወንድሙ የት ገባ፤
ገና ቀለሙ ላልደረቀ ሬሳ ማን ከልቡ አነባ።

ኦርቪል ጥግ ላይ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶብስ ነድቶ፣
ከወንዙ ማዶ እስከ መስታወት ፋብሪካው፣ ሃያ ሁለት ቁጥርን ገፍቶ።
«ይቅርታ» አለ፣ ገጽ ዘጠኝን በአውራ ጣቱ ዳብሶ፣
«እዚህ ጋ፣ ጭራቁን በአውቶብስ ሲመታው…
ሹፌሩስ?»

ዝም።
ከላይ የልብስ ማጠቢያው ሲዞር ብቻ ይሰማ ነበር።

ገጹን ገለጥን። እውነትም ምሰሶ አውቶብሱን እንደ ጡብ አንሥቶ
ይወረውራል። የፊት መብራቱ በርቷል። መጥረጊያው ዝናቡን ይጠርጋል።
ወንበሩ ባዶ ነው።
«መጥረጊያው ከሠራ» አለ ኦርቪል፣ «ሞተሩ አልጠፋም፤
ሞተሩ ካልጠፋ ደግሞ፣ ሹፌር እንዲሁ አይጠፋም።»

«አምልጦ ይሆናል» አለ ሌስተር፣ «በሁለቱ ሥዕሎች መካከል፣ በነጩ ክፍተት።»
ራሱም አላመነበት።
«ሰባት» አለች ማሪቤት በቀስታ።
ካሲሚር እንኳ ላስቲኩን ገልጦ፣ በዕድሜው የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ።

የማሪቤት የእህት ልጅ ፔትራ፣ ስምንት ዓመቷ፣ እስካሁን ቃል ያልወጣት፣
ከካሲሚር ደረት ኪስ ሰማያዊ እስክሪብቶ መዥርጣ፣ ማንም ሳያያት፣
በአውቶብሱ መስኮት ላይ ጭንቅላት ሣለች፤ ቆብ ደፋችለት፤ ጢም አከለች፤
ቀጥሎ በር ከፈተችና አስፋልቱ ላይ አወረደችው። «አሁን ይወርውር» አለች።

ካሲሚር ጮኸ፤ ለካ ቅጹ የእርሱ!
«ከርሞ መቶ ዶላር የሚያወጣ!» ከጓንቱ ይልቅ የነጣው ራሱ።
ኦርቪል ባለ አምስት ዶላር ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ «መልሱን ተወው» አለ፤
ቅጹን ከወገቡ አጥፎ ኪሱ ሲወትፈው፣ ካሲሚር እንደ ሐዘንተኛ ዋለለ።

ቀትር ላይ፣ ሃያ ሁለት ቁጥር በጭቃማው በረዶ አለፈ።
የእኛ መስኮት ከመሬት እኩል ነው፤ ጎማ እንጂ ሰው አይታይበትም።
ጡሩምባው ሁለቴ ጮኸ።

ሌስተር ቀና ብሎ መስኮቱን አየ፤ ጢሙን አሸ።
«እሺ» አለ፣ «አምስት።»