ጥያቄ ሰባት፦ የጣሪያው ዓይነት

አሥር ጥያቄ ነው፣ በአንድ ገጽ ያለቀ፤
ድህነት በእርሳስ፣ በነጥብ የታወቀ።
ፍራሽ ካለ ስድስት፣ ራዲዮ አምስት ነጥብ፣
ስምንት ነፍስ ከሆነ ዜሮ ነው ቤተሰብ።
ድምሩ ዝቅ ካለ ድሃ፣ ከፍ ካለ ሌላ፤
እኔ ቆጣሪ ነኝ፣ አበሌን ልበላ።

ዕጣው ከመዝገብ ነው። ከተበዳሪ ስም
ሠላሳ ተመዘዘ፤ ከዚያ ውጭ አይነካም።

መጀመሪያ ሽምብጥ፤ ወይዘሮ ላቀች ጋ።
ሱቋ ሙሉ ዘይት፣ ደጃፏ ሰው ሲያወጋ።
ቦርሳዬን ስታይ ግን ሮጠች ወደ ጓዳ፤
ቴሌቪዥኑን በጋቢ ሸፈነች ከእንግዳ።
«ድሃ ነን፣ ምን አለን» አለችኝ ስትቀመጥ፤
ፍሪጁ አጉረመረመ፣ እሷን ሊያጋልጥ።
ሰባ ሁለት ጻፍኩኝ። ሻይ ጠጣሁኝ። ወጣሁ።
እምቦጭ እምቦጭ ሲሸተኝ ወደ ሐይቁ መጣሁ።

የዓባይ መውጫ ጋ፣ ከሆቴሎቹ ጀርባ፣
መንገዱ ያልቃል፤ ባጃጅም አይገባ።
ደንገል ተሰጥቷል ለጠዋቱ ፀሐይ።
ታንኳ የምትጠፍር ሴት ቀና አለች እኔን ስታይ።
«እኔንስ ትተኸኝ?» «ስምዎ ማን?» «ዘምዘም።»
ዝርዝሩን ወረድኩት እስከ ታች። የለችም።
«የተበዳሪ ነው» አልኳት፣ «መዝገብ ያስፈልጋል።»
«ድሃ ለመባልም» አለች፣ «ዋስ ይጠራል?»

ነገሩ ወዲህ ነው፦ የዛሬ ሦስት ክረምት
ቡድን ይሆኑ ዘንድ አራት ሴቶች ጠሯት።
በማግሥቱ ተዋት፦ «ክፉስ አይደለችም፣
ቀን የጣላት እንደሁ ከኛ ሌላ የላትም።»
«እነሱ ምን ያርጉ» አለችኝ ስትስቅ፣
«እኔ ለራሴ እንኳ ዋስ አልሆንም፣ እወቅ።»

እርሳሴን ቀረጽኩና በትርፍ ወረቀት
ጠየቅኳት። «ፍራሽ?» «ያው ደንገል።» «ልጆች?» «የቀረችኝ አንዲት።»
ቤተሰብ ሲያንስ ነው ነጥቡ የሚጨምረው፤
ሦስት ልጅ ለቀበረች ሃያ አራት ነው።
«ንብረትስ?» «ታንኳ ነው። ሁለት ወር ይቆያል፤
ከዚያ ውኃ ጠጥቶ ራሱን ይበላል።»
«ጣሪያስ?» ቀና አልኩ፤ ቆርቆሮ፣ ዝገት የበላው፣
ከፈረሰ መጋዘን ወንድሟ ያመጣው፣
ሰማይ በብዙ ዓይኑ ቁልቁል የሚያይበት።
ቅጹ ቀዳዳ አይጠይቅም። ቆርቆሮ፦ ስምንት።

ደመርኩ። ደገምኩ። አፈርኩ። «ከመስመሩ በላይ ነዎት።»
«ምን ማለት ነው እሱ?» «ድሃ አይደሉም ማለት።»
ደንገሉን ጣለችና እልልታን ለቀቀችው፤
«ና ልጄ፣ ለነዚያ ለአራቱ ንገራቸው!»

ሪፖርቱ ተነበበ፣ ለስላሳ ተከፍቶ፦
«ድሆች ደንበኞቻችን ሠላሳ ሰባት ከመቶ።»
አጨበጨብኩ እኔም። ቁጥሩ ስህተት የለበትም።
መረብ የያዘውን እንጂ ያለፈውን አይቆጥርም።

የዘምዘም ወረቀት ከኋላ ኪሴ ነበር፤
ከሱሪዬ ጋራ ታጠበ፣ ሟሟ እንደ ስኳር።
ስሟ የለም፣ ድምሩ የለም። ብጫቂውን ሳሰጣው
አንድ ቁጥር ቀረ፦ 8። ሁለት ቀዳዳ ያለው።