ግማሽ ስም

እህቴ በሞተች በዘጠነኛው ወር፣
ቀሐ ወንዝ ሞልቶ ሌሊቱን ሲያጓራ ሲያድር፣
ማዘጋጃ ቤቱ፣ የመሬት መዝገብ ክፍል፣
ላከኝ ወደ አንድ ደብር፣ «የድሮ ውል አለ፣ ገልብጠሽ ነይ» በሚል።

እሺ አልኩ። ያን ሰሞን እሺ ነበር መልሴ፤
ብዪ ሲሉኝ እሺ፣ ተኚ ሲሉኝ እሺ፣ ሳይሰማኝ ለራሴ።
ፍርድ ቤት፣ በወረቀት፣ «ሟች» ተባለች የሻረግ፤
እኔ ደግሞ «አመልካች»፤ ፊርማው ሲደረግ፣
ክቡ ማኅተም ሲያርፍብን እንደ ትልቅ ማዕረግ።
ቤት ውስጥ ስልኳ ነበር፤ በየማታው ቻርጅ አደርገዋለሁ፤
ማንም እንደማይደውል እያወቅሁ፣ እጠብቀዋለሁ።

ቄሰ ገበዙ አባ ልሳነ ወርቅ፣ ጃንጥላቸው የተቀደደ፣
ቁልፉን ሦስቴ አዙረው፣ በሩ በግድ ፈቀደ።
ወንጌሉን አወጡት፣ በቀይ ጨርቅ እንደ ጨቅላ ተጠቅልሎ፤
ሽታው የብራና፣ የሰም፣ የአይጥም ጭምር ተቀላቅሎ።
«ውሉ ያለው ከኅዳጉ ነው፣ ከቃሉ ጎን፤
ያኔ መዝገብ ቤታችሁ የት ነበረና፣ ልጄ፣ ወንጌል ነው ያቆየልን።»

ገለበጥኩ። ከማቴዎስ ጥግ፣ በደቃቅ ቀለም፣
ዋሱ እገሌ፣ ዳኛው እገሌ፣ እማኙ እገሌ፣ ሁሉም ወንድ፣ ሁሉም ባለ ሙሉ ስም፤
ከዚያ፦
«ኖራ አቡኪዋ ወለተ . . .»
ይቀጥል ነበር፣ ብል ባይበላው።
ወለተ የማን? የሐና? የጽዮን?
ቀዳዳው ጣቴን ያህላል፤ በዚያ በኩል የሚታየው
ሌላ ገጽ ነው፣ የሌላ ሰው ቃል፤
እሷ የለችም። ቀሪው ግን እንዲህ ይላል፦

«. . . በቀሐ አፋፍ ያለ ቦታዬን፣ ከነወይኑ፣ ከነጓሮው፣
ሸጥሁ በአምስት ወቄት ወርቅ፤ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዋሴ ይወቀው።
ገንዘቡም ለእኅቴ ለአመተ ልዑል ነው፣ ሕመም ለወሰዳት፤
ስሟ በየዓመቱ ይጠራ በቅዳሴ፣ ካህናቱ እንዳይረሷት።»

ቆምኩ። እስክሪብቶዬም ቆመ።
ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጮኸ፣ ጮኸና ደከመ።
አመተ ልዑል፣ ይኸው፣ አንድ ፊደል አልጎደላትም፤
ብል አልነካትም።
ያስጻፈቻት ግን፣ ቦታዋን ሽጣ፣ ወይኗን ሰጥታ፣
ለእህቷ ስም ከፍላ፣ እሷው ቀረች ተረስታ።

ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁሉ እሷን እሷን አለኝ። ፒያሳ ታክሲ ስጠብቅ፣
ቱሪስቱ ግንቡ ሥር ፎቶ ሲነሣ፣ አስጎብኚው ስለ ንጉሥ ሲተርክ፣ ሲሳሳቅ፣
እኔ በድንጋይና በድንጋይ መሀል ያለውን ነጭ መስመር አያለሁ፤
የጣቷ ፈለግ ያለበት ይመስለኛል። አውቃለሁ፣
እንዳልሆነ። ግን ኖራ እጅ ይበላል፤
በዚያ በተሰነጠቀ መዳፍ እህቷን ስትገንዝ፣ እንዴት አቃጥሏት ይሆን? ይላል
ልቤ።
እኔም የየሻረግን ጠጉር ጎንጉኛለሁ፣ በሆስፒታሉ አልጋ፣ በመጨረሻው ሌሊት፤
ሳልጨርሰው ነጋ። ግማሹ ጉንጉን፣ ግማሹ ብትን፤ እንዲያው ሄደች በዚያው ውበት።
ለማንም አልነገርኩም ነበር ይህን።
ለዚያች ለግማሽ ስም ነገርኳት፤ በቀዳዳዋ አወረድኩት፣ ሁሉን።

በመጨረሻው ቀን አባ ወንጌሉን እየጠቀለሉ፣
«ቀዳዳው ላይስ ምን ጻፍሽ?» አሉ።
«ምንም፣ አባ። ባዶ ተውኩት፣ በልኩ፣ በጣቴ ስፋት፤
የማላውቀውን ስም ሞልቼ፣ ሁለተኛ እንዳላጠፋት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእህትሽን ስም ሰጥተሽኛል፤ ይጠራል።
ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን ልጄ፣ ልጄ ብቻ እያልኩሽ . . . ያንቺስ ማን ይባላል?»

ጉሮሮዬ ደረቀ። «አመልካች» ልል ትንሽ ቀረኝ።
«ማንጠግቦሽ» አልኩ። ድምፁ የእንግዳ ሰው መሰለኝ።
ዝናቡ አልቆመም። አባ ያንን ቀዳዳ ጃንጥላቸውን ዘረጉልኝ።