ሐብሐብ የጫነችበት ዘመን

ታሪኳን ጻፍ ብለው የቀጠሩኝ ለታ፣
ካርቶን ሙሉ ወረቀት፣ አንዲት የቁልፍ ማንጠልጠያ፣ በፖስታ
መጣልኝ ከቦነስ አይረስ፤ ደብዳቤው አጭር ነው፦
«ንጹሕ ታሪክ ጻፍልን። ገዢ ንጹሕ ነው የሚወደው።»

እሺ። ቁጥር አሥራ አንድ። ሞዴና ዳር፣ በአሮጌ የፈረስ ጋጣ፣
ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ ሲቀጠቅጥ ሌላው ሲለካ በቁጣ፣
በፈረንጆቹ ሃምሳ አራት አሉሚኒየም ጠፍጥፈው፣
«ቶርዶ» አሏት፣ የአንዲት ወይን ሌባ ወፍ ስም ሰጥተው።
ወገበ ቀጭን፣ ትከሻ ሰፊ፤ በር የላት፣ ጣሪያ የላት፣
ነጂዋ እንደ በቅሎ ዘሎ ነው የሚቀመጥባት።

ሮሳሪዮ ወደብ ስትወርድ ዳጎቤርቶ ፊዮሪ ገዛት፣
የወፍጮ ቤት ወራሽ፣ የአባቱን ዱቄት በአቧራ የመነዘረባት።
ስድስት ጊዜ ሮጠች። ሁለቴ ቀደመች።
በአራተኛው ላም ገጨች፤
በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ላሚቱ እንጂ እሱ አልታየም፣
እሱም አልተቀየመም።
ከዚያ በአንድ የካርታ ሌሊት፣ ንጉሥ ይዞ ተበልቶ፣
ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣
ሃያ ኪሎሜትር በእግሩ ሄደ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፤
ሲነጋ «ሸጥኳት» አላት ሚስቱን፣ ፊቷን ሳያይ፣ ባርኔጣውን ሰቅሎ።

እስከዚህ ንጹሕ ነው። ከዚህ ወዲያ ወረቀቱ ጾም ዋለ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ነጭ ገጽ። «መጋዘን ውስጥ ነበረች በል፣ ማን አየ?» አለ
የሻጩ ወኪል በስልክ። ልጽፈው ነበር፣ አልዋሽም፤
መጋዘን ቀላል ቃል ነው፤ መጋዘን አፍ የለውም።

ጠጋኟ ኔሊዳ ብሩንዲ ግን፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
ሻሲውን በሰንሰለት አንጠልጥላ፣
«እጅህን ዘርጋ» አለችኝ። ከቱቦው ሆድ በሽቦ ጭራ
አወጣች፦ ዝገት፣ ገለባ፣ የደረቀ ጥቁር ፍሬ፣ ተራ በተራ።
«ሐብሐብ ነው» አለች፣ ሳትስቅ።
«መጋዘን ሐብሐብ አያበቅልም። ተነሥ፣ ሄደን እንጠይቅ።»

ኤንትሬ ሪዮስ፣ የወንዝ ዳር መንደር። ዶን ኤውሎሂዮ ሜድራኖ፣
ሰማንያ ዓመቱ፣ ከጆሮው በቀር ሁሉ ነገሩ ደህና ሆኖ፣
ጮኸን ብንጠይቀው ጮኾ መለሰ፦ «መኪና? እኔ መኪና ኖሮኝ አያውቅ።
ጋሪ ግን ነበረኝ፣ ብረቱ ቀላል፣ ጉልበቱ የማያልቅ፤
ከቆራሌው በአንድ አሳማ ለወጥኩት። ሞተሩን ጀልበኛ ወስዶታል፣
ሙሽራ ሲያሻግርበት ሰምቻለሁ። ለኔ ጎማው ይበቃል።
አሥራ ዘጠኝ መከር ተሸከመልኝ። አንዴ ወገቡ ተሰበረ፤
ብየዳ አላውቅም፤ ሐብሐቡ ግን ሊበሰብስ ነበረ።
ዓይኔን ጨፍኜ በየድኩት። ቁስል ይመስላል። ግን ያዘ።»

ወኪሉ ያን ብየዳ ቆርጣ እንድትጥለው ኔሊዳን አዘዘ።
እሷ ሞረዷን እያጸዳች፦ «ወንድማማቾቹ የበየዱት አራት ቦታ ለቋል፤
የሽማግሌው አልለቀቀም። ምኑ ይቆረጣል?»

አራት ዓመት ፈጀ። ሞተሩ ከሰጠመ ጀልባ ወጣ፣ ጭቃ እየተፋ፤
ቆርቆሮው በእንጨት መዶሻ ተመታ፣ ተሳበ፣ ተነፋ፤
ዘጠኝ እጅ ቀይ ቀለም ጠጣች። የምረቃው ቀን ሰው ሲከባት፣
ዶን ኤውሎሂዮ፣ በተውሶ ክራቫት፣
ዳር ቆሞ አያት፤ አላወቃት።
ከዚያ ተንበረከከ፣ በንጹሕ ሱሪው፣ በእርጥቡ ሣር፣
የከበደች ላም እንደሚዳስስ ሰው እጁን ሰደደ፣ ከሆዷ ሥር፣ ከዳር እስከ ዳር፣
ያን ጉብታ እስኪያገኘው። እዚያ ላይ እጁ ቆመ።
ፎቶ አንሺው «ዞር በሉልኝ አባት» አለ፤ የት ይስማ፣ ጆሮው ከደከመ።

መዝገቡን እንዲህ ዘጋሁት፦ «ከስድሳ ሁለት እስከ ሰማንያ አንድ፣ ሐብሐብ ጫነች፤
አንድም መከር ከመንገድ አልቀረች።»
ክፍያዬን በግማሽ ላኩልኝ፣ ከአጭር ደብዳቤ ጋር።
ማንጠልጠያዋን አልመለስኩም። ግድግዳዬ ላይ ናት፣ በሚስማር።